አርባ ሰባት ዓመት ነው ወይስ አዋጅ?

ባለፈው ሐሙስ ፕሬዘንቴሽኑን አቅርበን ተገላገልን። አምስት ልጆች፣ አንድ ሴሚስተር፣ አሥራ አንድ ቃለ መጠይቅ፣ ሁለት ኩርፊያ። ውጤቱ ቆንጆ ነው። ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ግን ቆንጆ ነው። ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት የምትወስዱት ልጆች «እንዴት ሠራችሁት?» እያላችሁ በየተራ ስትጠይቁኝ ስለሰነበታችሁ፣ ለሁላችሁም አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ርዕሱ ስደት ነበር። የቡድን ሥራ ነው፤ የሰው ቃል መቅዳትም ግዴታ ነው። ስደት ሲባል መጀመሪያ ለሁላችንም ትዝ ያለን ከዚህ የሚሄደው ሰው ነው። ቤሩት፣ ጅዳ፣ ሊቢያ። ከአምስታችን የአራታችን ዘመድ ውጭ አለ። አንዷ ግን «ወደዚህ የመጡትስ?» አለች። አያቷ ፒያሳ ነው የኖሩት። ስለ አርመን ጫማ ሰፊና ስለ አረብ ቤት ሲያወሩ እየሰማች ነው ያደገችው። ሐሳቡን ወደድነው። አርመኖች፣ የመኖችና ሕንዶች ብለን ፕሮፖዛል አስገባን። ሕንዶቹ ፕሮፖዛሉ ላይ ቀርተዋል። መምህሩ አልጠየቁንም፤ እኛም አላነሳንም።

ንባቡ ብዙ አላስቸገረንም። አርመኖች በምኒልክ ዘመንም ነጋዴ፣ ወርቅ ሠሪ፣ ልብስ ሰፊ ሆነው እዚህ ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያን ከነሱ ነው። በእንፋሎት የሚሠራውን የመንገድ መዳመጫ ያስመጣው ሰርኪስ ቴርዚያንም አርመን ነው፤ «የሰርኪስ ባቡር» የሚባለው ያ ነው። በኋላ ደግሞ «አርባ ልጆች» መጡ። በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። ራስ ተፈሪ በ1916 ኢየሩሳሌም ሲሄዱ የአርመን ገዳም ውስጥ አይተው ወደዷቸው፤ ፓትርያርኩን አስፈቅደውም አስመጧቸው። የጥሩምባ ባንድ ነበሩ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም በዜማ የሠራው እሱ ነው፤ እስከ አብዮቱ ድረስ የሀገሪቱ መዝሙር ሆኖ ተዘምሯል። የመኖቹ ደግሞ ከኤደን ወደብና ከሐድራሞት የመጡ ናቸው። በየሰፈሩ ሱቅ ከፍተው ስኳርና ላምባ በዱቤ ይሰጡ ነበር። ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለት ሳምንት መቀመጥ ነው።

ጣጣው የመጣው ሰው ማናገር ስንጀምር ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ፒያሳ አንድ አርመን አዛውንት ዘንድ ነበር። ሰማንያን አልፈዋል። «ጋሼ» እንላቸው ነበር፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዘን፣ ሃያ ሁለት ጥያቄ ያለበት መጠይቅ አትመን ገባን። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስለ ስደት ሕይወትዎ ይንገሩን» የሚል ነበር። ዝም ብለው አዩንና «እኔ ስደተኛ አይደለሁም ልጄ። ስደተኛው አያቴ ነው። እኔ የራስ መኮንን ድልድይ ልጅ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም «ደግሞ ከአርባ ልጆች ወገን ነህ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ሰው ሁሉ አርመን ሲያይ እሱን ነው የሚጠይቀው» አሉን። ሁለተኛው ጥያቄያችን እሱ ነበር።

መጠይቁን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። እዚህ ላይ አቋም አለኝ፤ የታተመ መጠይቅ ይዞ ሽማግሌ ፊት መቅረብ ነውር ነው። ለቆጠራ የመጣችሁ ነው የምትመስሉት። ሦስት ነገር መዳፋችሁ ላይ ጻፉና ግቡ፤ ሌላውን ቡናው ያመጣዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሴሚስተሩን ሙሉ ያስለቀሰን ዓመተ ምሕረት ነው።

ጋሼ ስለ አባታቸው ቤት ሲያወሩ «ቤቱ በአርባ ሰባት ሄደ» አሉ። ቅጂውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በ1947 ተወረሰ» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ዓመት ሲጠራ በሁለት አኃዝ ነዋ። በሃያ ስምንት ሲሉ ጣሊያን የገባበት 1928፣ በሃምሳ ሦስት ሲሉ የታኅሣሡ ግርግር፣ በስልሳ ስድስት ሲሉ አብዮቱ። አርባ ሰባትም 1947 መሰለኝ። ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት፤ 1955 ሆነ። አላበቃሁም። የንጉሡ መንግሥት በ1947 የአንድ አርመን ቤት ለምን ይወርሳል ብዬ ግማሽ ገጽ ትንታኔ ጻፍኩ። ምክንያትም አገኘሁለት! ሰው ምክንያት ሲፈልግ አያጣም። ቡድኑ አንብቦ «በጣም አሪፍ ነው» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባታቸው የመኒ የነበሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄድን። እሳቸውም በወሬ መሃል «አርባ ሰባት ቁጥር የታወጀ ቀን አባቴ ሬዲዮኑን ዘጋና ምሳውን ሳይበላ ተኛ» አሉ። ቁጥር? የታወጀ? እዚያው ቁጭ ባልኩበት ላብ አሰጠመኝ። አርባ ሰባት ዓመት አይደለም፤ አዋጅ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው። እኔ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ወስጄ ንጉሡ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ማታ ቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «አርባ ሰባት ቁጥርን አታውቂም? እኛ የምንኖርበት ቤት እኮ የቀበሌ የሆነው በሱ ነው።» ሦስተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። በዚያ ቤት ነው የተወለድኩት።

ከዚያ በኋላ የጻፍነውን ሁሉ ከመጀመሪያው መፈተሽ ጀመርን። ጉዱ ብዙ ነው። አንዱ ተራኪ «ባቡሩ የመጣ ጊዜ» ብለው የአያታቸውን ነገር ጀምረዋል። እኛ ለገሃር የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር ነው ብለን ወስደነዋል፤ እሱ እንደ ፈረንጅ በ1917 ነው አዲስ አበባ የገባው። ቅጂውን ደግመን ስንሰማው ሰውየው የሚያወሩት ስለ ሰርኪስ ባቡር ነው፤ ያ ደግሞ ከዓመታት በፊት የመጣ ነው። ባቡር ሁሉ ባቡር አይደለም፤ በአያቶቻችን አፍ ወፍጮም ባቡር ነው።

የባሰው ደግሞ ፖስተሩ ነው። «አርባ ልጆች» አዲስ አበባ የገቡት እንደ ፈረንጅ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924 ነው። ከመሃላችን ደንብ የሸመደደ ልጅ አለ፤ «እስከ ኦገስት 8 ቀንስ፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ 7 ቀንስ» የሚል። ሰባት ቀነሰና 1917 ብሎ አሳተመው፤ በትልቁ፣ በቀይ። ሴፕቴምበር ሲገባ ግን መስከረም አይጠባም። ሴፕቴምበር 6 ያኔ ጳጉሜን 1 ነው። ልጆቹ የገቡት 1916 ሊያልቅ የጳጉሜን ቀናት ብቻ ሲቀሩት ነው። ከተማው ለእንቁጣጣሽ በግ ሲገዛ እነሱ ከነጥሩምባቸው ይገባሉ። ይሄ እንዴት ያለ ታሪክ ነው! እኛ ግን ሰባት ስለቀነስን ልናጣው ነበር። ፖስተሩን ድጋሚ የምናሳትምበት ብር አልነበረንም። 6 ቁጥርን በቀይ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፈን 7ቱ ላይ ለጠፍንበት። ፕሬዘንቴሽኑ መሃል ላይ ተላጠ። ማን እንዳየው አላውቅም።

ስለዚህ ሠንጠረዥ ሠራን። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ። አራት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ላይ ሰውየው ያሉትን ቃል በቃል ትጽፋላችሁ። «በአርባ ሰባት ሄደ»፤ በቃ። ይሄን ዓምድ ማንም አይነካውም፣ አያርመውም፣ «ለማለት የፈለጉት» አይልበትም። ሁለተኛው የማን አቆጣጠር እንደሆነ ነው፤ የኛ፣ የፈረንጅ ወይስ የእስልምናው ሂጅራ። ሦስተኛው አጠገቡ ያለው ክስተት ነው። አራተኛው እኛ የደረስንበት ዓመት ነው፤ እሱን በእርሳስ። ሦስተኛው ካልሞላ አራተኛው አይሞላም። በኤክሴል የሠራነውም አለ፤ እኔ ግን ባለ መስመር ደብተር ላይ ያለውን ነው የምወደው። ኤክሴል ባዶ ቦታ ሲያይ ሙላኝ ሙላኝ ይላል። ስልካችሁ ላይ የሚጫነውን ቀን መቀየሪያም ተዉት። ዓመቱን ብቻ ስትሰጡት ወርና ቀን ከራሱ ይሞላላችኋል፤ እናንተም ታምኑታላችሁ።

ሦስተኛውን ዓምድ ለመሙላት «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ሲጨንቀው ዝም ብሎ ቁጥር ይሰጣል። «ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበሩ?» በሉ። «ክረምት ነበር?» «ዓመት በዓሉ አልፎ ነበር?» «የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» በዚህ ያላገኘነው የለም ማለት ይቻላል። እኚያ እናት ሱቃቸው የተዘጋበትን ዓመት አያስታውሱም፤ ግን «የጎረቤቴን ልጅ የክርስትና ዱቤ እንኳ ሳልሰበስብ» አሉ። የጎረቤቷ ልጅ የልደት ካርድ ተገኘ፤ ዓመቱም ተገኘ።

አሁን አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ከአምስታችን አንዱ ስሙ ብቻ ነበር ያለው። ስብሰባ አይመጣም፤ ቴሌግራም ላይ አውራ ጣት ያደርጋል፣ ይጠፋል። አንድ ቀን በሁሉም ፊት ጮህኩበት። «ስምህን ከሽፋኑ ላይ እናወጣዋለን» አልኩት። ዝም አለ። በሳምንቱ ሱቃቸው የተዘጋባቸው እናት የየመኒ አባታቸውን ወረቀት አወጡልን፤ ቢጫ ሆኗል፣ ሙሉው ዐረብኛ ነው፣ ከታች 1371 ይላል። በኛ ብንወስደው ከግራኝ ጦርነት በፊት ሊሆን ነው። አራታችን ፈዘን ቀረን። ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለቀቅነው። ስሙ ብቻ ያለው ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከነትርጉሙ መለሰው። ለካ ቁርኣን ቤት ነው ያደገው። «የሂጅራ ነው፤ ከኛ 1944 ጋር ከሞላ ጎደል ይገጥማል። የሂጅራ ዓመት ግን ወደ አሥራ አንድ ቀን ስለሚያጥር ቀኑን እያያችሁ» ብሎ ጻፈ። የማታ ሥራ እንደሚሠራም ያኔ ነው የሰማነው። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። «በጣም እናመሰግናለን» ብዬ ጻፍኩለት። ያው አይደለም፤ አውቃለሁ።

ስለ ድምፅ ቅጂም ላንሳ። አንድ ሰዓት ቅጂ መጻፍ እኔን ስድስት ሰዓት ይወስድብኛል። አንዱ ልጅ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነገር አምጥቶ ሞከርነው። «አርመን» የተባለውን ሁሉ «አርባ ምንጭ» እያለ ጻፈልን። የአርባ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን፣ የአርባ ምንጭ ወርቅ ሠሪ። ለሁለት ቀን ስቀንበታል። በእጃችሁ ጻፉ። ስትጽፉ ነው የምትሰሙት። እኔ ግን እጄ እየጻፈ እንኳ አርባ ሰባትን አልሰማሁም፤ ስለዚህ ምክሬን በልኩ ውሰዱት።

ፕሬዘንቴሽኑ ካለቀ በኋላ ቅዳሜ ዕለት ሥራውን ላሳያቸው ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሽፋኑን አዩ። «ስደተኞች» የሚለውን አውጥተን «የመጡ ሰዎች» ብለነዋል። ምንም አላሉም፤ ብቻ ገጹን በመዳፋቸው አበስ አደረጉት። ከዚያ ተነስተው ከብፌው መሳቢያ አንድ ፎቶ አመጡ። ሱቅ ደጃፍ ላይ የቆሙ አራት ወንዶች ናቸው፤ አንዱ አባታቸው። ጀርባው ላይ በእርሳስ 24 ተብሎ ተጽፏል።

እንደ ፈረንጅ ከሆነ ራስ ተፈሪ ገና አልጋ ወራሽ ናቸው፤ አርባዎቹ ልጆች የገቡበት ዓመት ነው። እንደኛ ከሆነ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋል።

«ጋሼ፣ አባትዎ እንደማን ነበር የሚቆጥሩት?»

«አባቴ እንደ ፈረንጅ። እናቴ ደግሞ እንደ ሐበሻ።»

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

ወደ መስኮቱ አስጠጉት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ቡናው እስኪፈላ ልየው እስቲ» አሉ።

ደብተሬን አወጣሁ። የመጀመሪያው ዓምድ ላይ «24፣ በእርሳስ» ብዬ ጻፍኩ።