ራግቢን ባሕር ዳር ለማስጀመር ያሰባችሁ፣ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ውጭ አገር አስተምሮ የተመለሰ መምህር ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ ቼዝ፣ ሌላው ሙዚቃ፣ ሌላው ኮምፒውተር። እኔ ራግቢ ይዤ መጣሁ። እንዴት እንደጀመርኩት ልጻፍላችሁ። ከእኔ በፊት አንድ ሰው ይህን ጽፎት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወር አይባክንብኝም ነበር፤ ልጆቹም አይጉላሉም ነበር።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ነው። ከዚያ ናይሮቢ ሄጄ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለዓመታት አስተማርኩ። ስለ ስደቱ ኑሮ ብዙ አልልም። ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ቤት ተከራየሁ፤ እንጀራውም ቡናውም እዚያ አይጠፋም። የሥራ ፈቃዱንም ተሰልፌ አወጣሁ። ለመሄድ ለምታስቡ መምህራን አንድ ምክር ብቻ አለኝ። የዲግሪያችሁን ማስረጃ እዚሁ አገር ውስጥ ሳላችሁ አረጋግጡ። ከሄዳችሁ በኋላ በውክልና ማስጨረስ ከዘመድ ያጣላል።

በትምህርት ቤቱ እያንዳንዱ መምህር አንድ ክበብ የመያዝ ግዴታ ነበረበት። እኔ ስደርስ ቼዙም ድራማውም ተይዟል። የቀረው የሴቶች ራግቢ ነበር። ሕጉን ያስተማሩኝ ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። ኳስ በእጅ ወደ ፊት አይወረወርም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያቀብሉት። ወደ ፊት የሚኬደው ኳሱን ይዞ በመሮጥ ወይም በእግር በመምታት ነው። ኳሱን ከመጨረሻው መስመር ማዶ መሬት ያስነካ አምስት ነጥብ ያገኛል። ሰባት ለሰባት ሲሆን አንዱ አጋማሽ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው። ሰባት ደቂቃ ትንሽ ይመስላል፤ ሜዳው ላይ ግን ነፍስ ያወጣል።

ኬንያ ውስጥ ራግቢ ትልቅ ነገር ነው። ሳፋሪ ሰቨንስ የሚባለው የናይሮቢ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኬንያ ወንዶች ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ 7 አሸንፈው ዋንጫ አነሱ። በዚያው ዓመት የሰባት ሰው ራግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ገባ፤ ሪዮ ላይ ኬንያ በወንዶችም በሴቶችም ተሰለፈች። ያን ጊዜ ነው «የእኛ አገር ሴት ልጆችስ ምን ይጎድላቸዋል?» ማለት የጀመርኩት። ናይሮቢም ባሕር ዳርም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናቸው። አየሩ አንድ፣ ሳንባው አንድ። ጎረቤታችን የቻለውን እኛ የማንችልበት ምክንያት አልታየኝም፤ ዛሬም አይታየኝም።

ዝግጅቱ ቀላል ነበር። ኳሶቹን አስተንፍሼ በሻንጣ ይዣቸው መጣሁ። ፓምፕና መርፌ አትርሱ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ቁጥር 4 ኳስ ነው የሚሆነው፤ ለትንንሾቹ ቁጥር 3። ለጀማሪ ልጆች የሚሆነው ታግ ራግቢ ነው። መጣጣል የለበትም። እያንዳንዱ ተጫዋች ወገቡ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ጨርቅ ያንጠለጥላል። ኳስ የያዘው ልጅ ጨርቁ ከተነጠቀ ወዲያው ማቀበል አለበት። ጨርቁን ከውጭ አታስመጡ። ገበያ ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ቁርጥራጩን በነፃ ይሰጣችኋል፤ ወገብ ላይ የሚታሰረውን ላስቲክ ብቻ ትገዛላችሁ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ የደብዳቤው ጣጣ መጣ።

በሰፈሩ አቅራቢያ ጥሩ የሕዝብ ሜዳ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ነው። ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ፈቃድ አውጪ፣ ያለ ፈቃድ እንዳትነኪው» አለኝ። እኔም ሕጋዊ መንገዱን ያዝኩ። ማመልከቻ ጽፌ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ።

የገባሁበት ቢሮ ኃላፊ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። ማመልከቻውን አነበቡና ስልካቸውን አወጡ። ቪዲዮ ከፈቱ። ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ተጋጭተው ሲወድቁ ያሳያል። «እህቴ፣ ይኼ ስፖርት ነው ወይስ ጠብ? ይኼን ነው ለሕፃናት የምታስተምሪው?» አሉኝ። እኔ የማስጀምረው መጣጣል የሌለበት ነው ብዬ አስረዳሁ። ጨርቁን ከቦርሳዬ አውጥቼ ወገቤ ላይ ሻጥ አደረግሁና «ይንጠቁኝ፣ ይኼው ነው ጨዋታው» አልኳቸው። እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሱም። የነጠቀችኝ ጸሐፊያቸው ናት። ጨዋታው በሁለት ሰከንድ የገባት እሷ ነበረች። የሚፈርመው ግን ሌላ ሰው ነው።

«በባህላችን የለም» የሚለውም መጣ። ይህ ነው ከሁሉም ያናደደኝ። ጎጃም ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ የገና ጨዋታ ሲጫወት ቅልጥሙን በዱላ ያልተመታ አለ? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን አይደለም እንዴ ያደግነው? በሩር፣ በገና ኳስ ላይ፣ መንደር ከመንደር የሚጋፋ ሕዝብ፣ ጨርቅ መንጣጠቅ ለልጆቹ አደገኛ ነው ሲባል አልዋጥልሽ አለኝ።

ከዚያ «ስፖርቱ እኛ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የማኅበር ደብዳቤ አምጪ» ተባልኩ። ማኅበር ለማቋቋም ምን ያስፈልጋል ስል ክለቦች አሉኝ። ክለብ እንዲኖር የሚጫወቱ ልጆች ያስፈልጋሉ። ልጆቹ እንዲጫወቱ ሜዳ ያስፈልጋል። ሜዳው ደግሞ የማኅበር ደብዳቤ ይፈልጋል። ይህን ለኃላፊው አንድ በአንድ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። «አሠራሩ ነው» አሉኝ።

ማመልከቻው ሪከርድ ክፍል ገባ፣ ተመራ። «ተመርቷል» የሚለውን የሰማ ሰው ነገሩ የሄደ ይመስለዋል። ለማን እንደተመራ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ መስክ ወጥተዋል፤ ሥልጠና ሄደዋል። ከሥራ ሰዓቴ እየቆረጥኩ፣ የባጃጅ እየከፈልኩ ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንዲት የሪከርድ ሠራተኛ አዘነችልኝና መዝገቡን ገልጣ አሳየችኝ። ጉዳዬ «እጅ ኳስ» ተብሎ ተመዝግቧል። የተመራለት ባለሙያ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «አይመለከተኝም» ብሎ ጽፎበት መልሶታል። ሰውዬው እውነቱን ነው፤ አይመለከተውም። ግን ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳውም። ወረቀቱ ከመደርደሪያው ሥር ተኝቶ ነበር።

እንደገና አስገባሁ። በዚህ መሀል ኃላፊው ተዛወሩ። አዲሱ ኃላፊ ከዜሮ ጀመሩ። እሳቸውም ስልካቸውን አወጡ።

ይህን ያህል የምናገረው ጊዜው የማይመለስ ጊዜ ስለነበር ነው። ባሕር ዳር ላይ ለጀማሪ ራግቢ የሚመቸው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ሣሩ ገና አለ፤ መሬቱ ጭቃም አይደለም፣ አልደረቀምም። የካቲት ሲገባ ጥቁር አፈሩ ይሰነጠቃል፤ ልጅ ከወደቀ ጉልበቱ ይላጣል። እኔ ያን ወቅት በሙሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ አሳለፍኩት። ከተማዋ ያልተረጋጋችባቸው ሳምንታት ሲጨመሩበት ዓመቱ አለቀ። መልሱ የመጣው መሬቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ «በቀጣዩ በጀት ዓመት የሚታይ ይሆናል» ይላል። መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በየሳምንቱ ክፍሌ በር ላይ ቆማ «ቲቸር፣ ደብዳቤው ደረሰ?» ትለኝ ነበር። ፈተናዋን ጨርሳ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስትሄድ አንድም ጨዋታ አልተጫወተችም። ይህን ለዚያ መሥሪያ ቤት ይቅር አልልም።

መላው ከቢሮ አልመጣም። የመጣው ከትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ነው። «በግቢዬ ውስጥ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚሆነውን የምፈቅደው እኔ ነኝ» አሉኝ። በቃ። በማግሥቱ ከስፖርት መምህራችን ጋር ጀመርን። ግቢው ጠባብ ነው። ልጆቹ ጠጠሩን በባልዲ ለቀሙ። መስመሩን ያሰመርነው በሰጋቱራ ነው፤ እንጨት ቤቱ በነፃ ነው የሰጠን። ኳሷን ገና እንዳዩ ስም አወጡላት፤ ፓፓያ።

የመጀመሪያው ፈተና ወደ ኋላ ማቀበሉ ነው። እግር ኳስ የለመደ ልጅ እግሩ ብቻ ሳይሆን ዓይኑም ወደ ፊት ነው የሚሄደው። እያሯሯጣችሁ አታስተምሩ። አራት ልጆች በሰያፍ ቁሙ በሏቸው፤ እየተራመዱ ያቀባብሉ። ኳስ የያዘው ፊት፣ ሌላው አንድ እርምጃ ከኋላው፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ ኋላ። መራመዱ ሲለመድ ሩጫው ራሱ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ አታሠሯቸው፤ ከጣና የሚነሣው ነፋስ የትንንሾቹን ቅብብል ያበላሽባቸዋል። ጠዋት ይሻላል።

ደስ ያለኝን ነገር ልንገራችሁ። እግር ኳስ ላይ ሁለት ጎበዞች ኳሷን ይዘው ይውላሉ፤ ሌላው ይሮጣል እንጂ አይነካትም። ታግ ላይ ይህ አይሆንም። ጨርቅህ ከተነጠቀ ትሰጣለህ፣ አማራጭ የለህም። ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ አንዲት ቀጭን ልጅ አለች። ኳሷ ደረሰቻት፤ ወገቧን እያጠፈች ሁለቱን አምልጣ መስመሩን አለፈች። ኳሷን መሬት ማስነካት ረስታ ዞር ብላ አየችን። ሁላችንም «መሬት! መሬት!» ብለን ጮኽን። አስነካች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒሳብ ክፍለ ጊዜም እጇን ታወጣለች።

አንዲት እናት «ጥርሷ ቢወልቅስ?» ብለው መጥተው ነበር። እኔ ከማስረዳት ይልቅ ቆመው እንዲያዩ ወንበር አወጣሁላቸው። አጥሩ ጋ ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ አባት «ይኼማ ገና ነው፣ ያለ ዱላው» አሉ። እናትየው ሳቁ። ከዚያ በኋላ የመጡ ወላጆችን ሁሉ ያሳመኑልኝ እኚያ አባት ናቸው።

አሁን ምክሬን ላስቀምጥ። ቢሮ የሚነግራችሁ «መጀመሪያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ጨዋታ» ነው። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። በትምህርት ቤት ግቢ፣ በርዕሰ መምህር ፈቃድ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጀምሩ። ልጆቹ መጫወት ሲችሉ ኃላፊውን ጋብዙ። ቪዲዮ አታሳዩ፣ ልጆቹን አሳዩ። ደብዳቤ የግድ ከሆነ ሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ እጃችሁ ላይ ይቅር። ግልባጩ ላይ ቢያንስ አንድ ሌላ ክፍል ጥቀሱ፤ ያኔ ወረቀቱ መደርደሪያ ሥር አያድርም።

ስፖንሰር ካልተገኘ አይጀመርም የሚሉትን አትስሙ። ትልቁን ስታዲየም ጠይቁ የሚሏችሁንም አትስሙ። ሰባት ለሰባት ለሚጫወቱ ሕፃናት ጠጠሩ የተለቀመ ግቢ ይበቃል። በሴቶች ጀምሩ። ወንዶቹ ማንም ሳይጠራቸው ይመጣሉ፤ በወንዶች ከጀመራችሁ ግን ሴቶቹ ዳር ቆመው ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

አንድ ነገር ላይ ብቻ የዓለም ራግቢ (World Rugby) የሚባለው የስፖርቱ የበላይ አካል የሚለውን ቃል በቃል ተከተሉ፤ የጭንቅላት ጉዳት። ለአሠልጣኞች በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት ነፃ ነው። ጭንቅላቱን የተመታና የተደናገረ ልጅ ወዲያው ይወጣል፤ በዚያ ቀን ተመልሶ አይገባም። «ደህና ነኝ ቲቸር» ቢል፣ ቢያለቅስም አይገባም። መጣጣልን ደግሞ ለስላሳ ሣርና የሠለጠነ ሰው ሳይኖር አታስጀምሩ። ልጆቹ ይለምኗችኋል። እኔንም በየሳምንቱ ይለምኑኛል፤ አልሰማቸውም።

ሜዳው እስካሁን አልተፈቀደም። ጥያቄዬን ዘንድሮም አስገብቻለሁ፤ ማኅተም የተመታበት ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እናንተ ግን እሱን አትጠብቁ። ከተማው ውስጥ በሌላ ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ካላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግቢያችን ኑ። ኳስ አለን። የወገብ ጨርቅ ብቻ የራሳችሁን ያዙ፤ ቀለሙ ከእኛ ቢጫ የተለየ ይሁን።