ከሰንሰለት ለወጡ እንስሳት ወርሃዊ መዋጮ፦ እንዴት እንዳዋቀርነውና ምን እንደተማርንበት

አንበሳን በስም ማሳደግ አንበሳውን መረከብ አይደለም። ከሕገወጥ አዘዋዋሪ፣ ከሆቴል በር ወይም ከሰው ግቢ ተወስዶ ማገገሚያ ማዕከል የገባ እንስሳ አለ። እናንተ ለቀለቡና ለሕክምናው በየወሩ የተወሰነ ብር ታዋጣላችሁ፤ እሱም በስሙ፣ በታሪኩ፣ በፎቶውና በአንድ ሰርተፍኬት ይወከልላችኋል፤ በየጊዜው ደህንነቱን ትሰማላችሁ። ገንዘቡ በአብዛኞቹ ማዕከላት የሚገባው ወደ ጋራ ካዝና ነው። ይህን ሰው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ተናገሩት። «የእኛ ብር ለእኛ አንበሳ ብቻ» የሚል ክርክር ዘግይቶ ከተነሳ ቡድኑን ይበትነዋል።

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ባሉ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉ ቡድኖችን ሳዋቅር የተከተልኩትን አሠራር ነው የማስቀምጠው። ሁሉም የሚነሳው ከአንድ ነገር ነው፦ እነዚህ እንስሳት ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት የማይቋረጥ ገንዘብ ነው። ዱር ያለ አንበሳ 15 ዓመት መድረሱ ብርቅ ነው፤ በማቆያ ያለው ግን ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ዘንድሮ ደቦል የተቀበለ ማዕከል የሁለት አሥርት ዓመት ቀለብ ተቀብሏል። በአንድ የበዓል ሰሞን የተሰበሰበ ትልቅ ገንዘብ ደስ ቢልም ለቀጣዩ ዓመት ሠራተኛ ለመቅጠር አያስተማምንም።

መጀመሪያ ማዕከሉን መምረጥ ነው። በአገራችን ለዚህ ሥራ የቆመው የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅቱ ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ የሚያስተዳድረው እንስሳኮቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ሆለታ አካባቢ፣ 77 ሄክታር መሬት ላይ ያረፈ ነው። አንበሳ፣ አቦሸማኔ፣ ጦጣና ኤሊ ከተቀበላቸው እንስሳት መካከል ናቸው። የከተማው ሰው አንበሳ ሲባል ቶሎ የሚያስበው በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመውን የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ወይም በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክን ነው። እነዚህ እንስሳትን ለሕዝብ የሚያሳዩ ስፍራዎች ናቸው፤ የራሳቸው ዋጋ አላቸው። የስድስት ኪሎ አንበሶች ጥቁር ጎፈራቸው ደረትና ሆድ ድረስ የሚወርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናትም ከ15ቱ ናሙና ወስዶ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ማገገሚያ ማዕከል ግን ሥራው ሌላ ነው፤ የጎብኚ ብዛት የስኬቱ መለኪያ አይደለም። ይህ ልዩነት ያልገባው አዋጪ «ከፍዬ ለምን አልነካውም» ማለቱ አይቀርም።

ማዕከሉን ስትጠይቁ አራት ነገር በቂ ነው። እንስሳቱን ያራባል ወይ? ይሸጣል ወይም ይለውጣል ወይ? ጎብኚ ደቦል ያቅፋል፣ ጦጣ ያበላል ወይ? ወደ ዱር መመለስ የሚችለው እንስሳ ምን ይሆናል? ትክክለኛ ማዕከል ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «አይ» ይላል፤ ለአራተኛው ዕቅዱን ያሳያችኋል። ማራባትን በተለይ አጥብቃችሁ ጠይቁ። በማቆያ የተወለደ ደቦል ወደ ዱር አይሄድም፤ የተቸገረ ሌላ እንስሳ ሊያድርበት የሚችለውን ቦታ ነው የሚይዘው። ለዚህ ነው ወንድና ሴት አብረው ሲኖሩ የወሊድ መከላከያ የሚሰጠው። ደቦል የማቀፍ ፎቶ የሚሸጥ ቦታ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ደቦል ያስፈልገዋል፤ ያደጉት የት እንደሚገቡ ጠይቁና መልሱን ስሙ።

ቀጥሎ የሚመጣው የእንስሳው ምርጫ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ያዋጣል። ሁሉም አንበሳ ይላል። የአንበሳ ምስል ያለበት አውቶቡስና የአንበሳ ሐውልት ባለበት ከተማ ሌላ ነገር መጠበቅም አይቻልም። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ አንድ ጎልማሳ አንበሳ በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሥጋ ይበላል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሳይበላ እንዲውል ቢደረግም በወር ወደ 120 ኪሎ ይደርሳል። ለስሌት ያህል ኪሎውን 400 ብር ብንይዘው ወጪው 48,000 ብር ነው። 20 ሰው 200 ብር ቢያዋጣ 4,000 ብር ይሆናል፤ 10 ኪሎ ሥጋ ነው፤ ቢበዛ ለሁለት ቀን ነው። ማዕከሎች ያረጁ ከብቶችን በቁም ስለሚገዙ ዋጋው ከሉካንዳ ሊለይ ይችላል፤ መጠኑ ግን ያው ነው። ስለዚህ «አንበሳ እየቀለብን ነው» አትበሉ። «የአንበሳውን ቀለብ ከሌሎች ጋር እየተጋራን ነው» በሉ። እውነቱን የሰማ አዋጪ ቡድኑን ያሰፋል፤ ያልተነገረው ግን ሲደርስበት ይሄዳል።

ለትምህርት ቤት ክበብ የምመክረው ኤሊ ወይም የጦጣ ቡድን ነው። ኤሊ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነው የምትበላው፤ ትንሽ መዋጮ ከቀለቧ ብዙውን ይሸፍናል፤ ዕድሜዋም ረጅም ስለሆነ ከክፍል ወደ ክፍል ትወረሳለች። ጦጣን አንዷን ለብቻ አትምረጡ። ጦጣ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ወገቡ ላይ ሰንሰለት ታስሮ ለዓመታት ብቻውን የቆየ ጦጣ መጀመሪያ ከብጤዎቹ ጋር መኖርን መማር አለበት፤ ወደ ዱር የሚለቀቀውም ከተስማማው መንጋ ጋር ነው። የምትደግፉት መንጋውን ከሆነ የአንዱ ሞት ወይም መለቀቅ የቡድናችሁን ታሪክ አይዘጋውም።

ሰዎች ቀለብ ላይ ያተኩራሉ፤ ሕክምናው ግን ይዘነጋል። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ እየበላ ያደገ ደቦል ካልሲየም ያጥረዋል፤ ሰውነቱ የጎደለውን ከራሱ አጥንት ይወስዳል። እግሩ ይጎብጣል፣ በቀላሉ ይሰበራል። ሥጋውን የሰጠው ሰው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ እንዲህ ያለው እንስሳ ወደ ዱር መመለስ አይችልም። በልገሳ ደብዳቤያችሁ ላይ «ለቀለብ ብቻ» ብላችሁ አትገድቡ። «ማዕከሉ ለሚያስፈልገው» የሚለው ሐረግ የእንስሳት ሐኪም ሊያስጠራ፣ የተቀደደ አጥር ሊያስጠግን ይችላል።

በውጭ አገር ማዕከል ያለ እንስሳን በስም ማሳደግስ? ናይሮቢ ያለው የሼልድሪክ ዱር እንስሳት ትረስት አንድ ወላጅ አልባ የዝሆን ግልገል በስም ለሚያሳድግ ሰው በዓመት 50 ዶላር ያስከፍላል፤ በየወሩም ተንከባካቢዎቹ የሚጽፉትን ውሎ በኢሜይል ይልካል። አሠራሩ ለመማር ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአዲስ አበባ ሲከፈል ግን ሁለት እንቅፋት አለ። ተራው የብር ካርዳችን ለውጭ ክፍያ አይሠራም። ደግሞም በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ በብር ለሚያዋጣ ቡድን 50 ዶላሩ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ውጭ ያለ ዘመድ በስማችሁ ሊከፍል ይችላል። ያን ጊዜ ኤሌክትሮኒክ ሰርተፍኬት ምረጡ፤ አሻንጉሊት ያለበት ፓኬጅ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይፈልጋል፣ ዋና ፖስታ ቤት ድረስ መመላለስም አለው። ለቋሚ ቡድን የአገር ውስጥ ማዕከል፣ በብር፣ ይሻላል።

መዋጮውን ስታሰሉ የትምህርት ቤትን አቆጣጠር አትርሱ። ሐምሌና ነሐሴ ተማሪ የለም፤ እንስሳው ግን ይበላል። በወር 60 ብር ለመላክ ካሰባችሁ ዓመቱ 720 ብር ነው፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት 10 ወራት 72 ብር ሰብስቡና በ12 ወር ከፋፍላችሁ ላኩ። የከብት ዋጋም በበዓል ሰሞን ይወጣል። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰው ለቤቱ ሲሸምት መዋጮ ይቀራል፤ ማዕከሉ ግን በዚያው ሰሞን ውድ ይገዛል። የአንድ ወር ተቀማጭ ሁልጊዜ በአካውንቱ ቢኖር ይህን ያልፋል።

ገንዘቡ በአንድ ሰው የግል ስልክ አይቀመጥ። ሦስት ሰው በጋራ የሚያንቀሳቅሰው የባንክ አካውንት ክፈቱ፤ ለማውጣት የሁለቱ ፊርማ ይኑር። በቴሌብር የተከፈለውን በስክሪን ሾት አትመዝግቡ፤ ስክሪን ሾት ይቀነባበራል፣ ካለፈው ወርም ሊደገም ይችላል። የግብይት ቁጥሩን ከአካውንቱ መግለጫ ጋር አመሳክሩ። ማዕከሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ይስጣችሁ፤ ፎቶ አንስታችሁ በዚያው ቀን ለአባላት አሳዩ። በባልደረቦች መካከል ማዋጣት አንድ ነገር ነው፤ ከመንገደኛው ከሕዝብ መሰብሰብ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አይታችሁ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን ጠይቃችሁና ፈቃዱን ይዛችሁ ውጡ። ቆርቆሮ ይዞ ፒያሳ መቆም ለእንስሳቱም ለእናንተም አይበጅም።

ማዕከሉ የተዘጋጀ የማሳደጊያ ሰርተፍኬት ከሌለው የጽሑፍ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ራሳችሁ አሠሩት። በ250 ግራም ወረቀት፣ በኤ4 መጠን ይታተም። የእንስሳው ዓይነትና ስም፣ ወደ ማዕከሉ የገባበት ዓመት፣ የቡድናችሁ ስም፣ የድጋፉ ዘመን ይስፈርበት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ግን አይቅር፦ «ይህ ሰርተፍኬት የባለቤትነት መብት አይሰጥም»፣ «እንስሳው ወደ ዱር ሲመለስ የሚደርሰን ወሬ ያበቃል፤ ያም የምንመኘው ነው»። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀን ከተጻፈ ሕፃናት ጦጣዋ ስትለቀቅ አያለቅሱም፤ ያጨበጭባሉ።

የፎቶ ምርጫ ላይ ጥብቅ ነኝ። ሰው እንስሳውን አቅፎ ወይም እያበላ የሚታይበት ፎቶ አይግባ፤ ተንከባካቢውም ቢሆን። የሚያየው ሰው «ለማዳ ነው፣ እኔም ላሳድግ» ይላል፤ ማዕከሎቹን የሞላው ይኸው ምኞት ነው። እንስሳውን ክፍል ውስጥ ማምጣትማ አይታሰብም። ጦጣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ እኛም ሳንባ ነቀርሳና ኩፍኝ ልናስይዘው እንችላለን።

ጉብኝት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ብርቱካንና ዳቦ ይዛችሁ አትሂዱ። የሚፈለገውን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ሰው የማያስባቸው ነገሮች ናቸው። ካርቶን፣ ጆንያ፣ አሮጌ ጎማ ለእንስሳት መጫወቻና ምግብ መደበቂያ ይሆናል፤ ቀረፋ የተነሰነሰበት ጆንያ የድመት ዘር የሆኑትን አንበሳና አቦሸማኔን ረጅም ጊዜ ያስሸትታል። ካርቶኑ ላይ ያለው ስቴፕል፣ ፕላስተርና ፕላስቲክ ሁሉ ተነቅሎ ይሂድ፤ ተውጦ አንጀት ይዘጋል። ይህ ሥራ ለተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት በጣም ይስማማል።

ወሬ ስትጠይቁ ቆጥባችሁ ጠይቁ። በሦስት ወር አንዴ አንድ ፎቶና ሦስት መስመር ይበቃል፦ ክብደቱ፣ የምግብ ፍላጎቱ፣ ከማን ጋር እንደሚውል። በየሳምንቱ የሚጠይቅ ቡድን ተንከባካቢውን ከሥራው ነው የሚያነሳው። እንስሳው ከሞተ በዚያው ሳምንት ለአባላት ንገሩ፤ የሞተበትን ምክንያት ሐኪሙ እንዳለው አስቀምጡ። የቀረውን ዓመት ድጋፍ ወደ የትኛው እንስሳ እንደምታዞሩ ከመጀመሪያው በመተዳደሪያችሁ ጻፉት፤ በሐዘን ሰሞን የሚደረግ ምርጫ ያጣላል።

ቡድኑ ሲታወቅ ስልክ መደወል ይጀምራል። «የአቦሸማኔ ግልገል የሚሸጥ ሰው አለ፣ ገዝተን እናድነው» የሚል ይመጣል። አትግዙ። ከአፍሪካ ቀንድ ግልገሎች በሶማሌላንድ በኩል፣ ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ይሻገራሉ፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። የእናንተ ብር ለሻጩ የሚቀጥለውን ጉዞ ወጪ ይሸፍንለታል። የምታደርጉት ይህን ነው፦ የት፣ መቼ፣ ስንት እንስሳ እንዳለ መዝግቡ፤ ከሻጩ ጋር አትከራከሩ፣ ፎቶውን በማኅበራዊ ሚዲያ አትልቀቁ፤ ወዲያው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ለፖሊስ አሳውቁ። ግልገሉ በእጃችሁ ከገባ የላም ወተት አትስጡት፤ ጸጥ ባለ፣ ጨለም ባለና ሞቅ ባለ ሣጥን አስቀምጡት፤ ምን እንደሚሰጠው ከማዕከሉ ሐኪም በስልክ ጠይቁ። ሕፃናት እንዳያቅፉት በሩን ቆልፉ።