ዶሮና ድንች በአንድ መጥበሻ፣ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም

የመጀመሪያ ሙከራዬን የቀመሰችው እህቴ ናት። ከዶሮው ቆረጥ አድርጋ ጎረሰች። አኘከች፣ አኘከችና ውሃ አነሳች። ቀጥላ ድንቹን በሹካ ወጋችው። ሹካው መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ድንቹ እኮ ጥሬ ነው» አለችኝ። «ዶሮው ደግሞ ደርቋል።»

ሁለቱም እውነት ነበር። አንድ መጥበሻ፣ አንድ እሳት፣ እኩል ደቂቃ። አንዱ ከልኩ አልፎ፣ ሌላው ገና ሳይደርስ ወጣ።

ያን ቀን የሠራሁት እንዲህ ነው። የዶሮ ደረትና ድንች ቆራረጥኩ። ቅመምና ዘይት ጨምሬ በእጄ ለወስኩት። ሁሉንም መጥበሻ ላይ ገልብጬ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። «በአንድ መጥበሻ» ሲባል ሁሉም ነገር አብሮ ገብቶ አብሮ ይወጣል ማለት መስሎኝ ነበር። ደጋግሜ ስሠራው የገባኝ ግን ሌላ ነው። መጥበሻው አንድ ይሁን እንጂ ዶሮው የራሱ ሰዓት አለው፣ ድንቹም የራሱ። ቅመሙ እንኳ ተራ አለው። ተራቸውን ሳውቅ ምግቡ ተስተካከለ።

መጀመሪያ የቀየርኩት ሥጋውን ነው። ደረቱን ትቼ ከነአጥንቱና ከነቆዳው ያለውን ጭን ያዝኩ። የዶሮ ሥጋ ለመብላት ደኅና የሚሆነው ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ደረት ከዚህ ትንሽ ካለፈ ይደርቃል። ጭን ግን ተቃራኒው ነው። ጅማትና ስብ ስላለው ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ሲደርስ ነው በደንብ የሚለሰልሰው፤ ጅማቱ ቀልጦ ሥጋውን ያረጥበዋል። ድንች ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ድንቹን የሚጠብቅለት ሥጋ ጭን ነው። ደረት አይጠብቅም።

ለ4 ሰው 4 ትልልቅ ጭን እወስዳለሁ፣ ወደ 800 ግራም ይመዝናሉ። ድንቹ 600 ግራም ይሆናል። መጥበሻዬ ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ወፍራም ብረት፣ እጀታውም ብረት፣ ኦቨን ውስጥ መግባት የሚችል። ፕላስቲክ እጀታ ያለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጨዉን ማታ ነው የምነሰንሰው። ለ1 ኪሎ ሥጋ 10 ግራም ያህል ይበቃል፤ ለእነዚህ 4 ጭኖች አንድ የሻይ ማንኪያና ትንሽ ጭማሪ ማለት ነው። ጨው መጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ያወጣል። ለአንድ ሰዓት ብቻ ብትተዉት ላዩ ርጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሲያድር ግን ያ ውሃ ጨዉን ይዞ ተመልሶ ይገባል። ጭኖቹን ሳህን ላይ ደርድሬ፣ ሳልከድን፣ ፍሪጅ ውስጥ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳድራቸዋለሁ። ታች የማደርገው ጥሬው ጭማቂ ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። ጠዋት ቆዳው ብራና መስሎ ይደርቃል። የምፈልገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንዖት እላለሁ፦ ጥሬ ዶሮን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት። ውሃው ሲፈናጠር ጀርሙን ወደ መታጠቢያው፣ ወደ ዕቃውና ወደ እጃችሁ ያዳርሳል። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ሳጥብ ኖሬያለሁ። ስተወው ኩሽናዬም ንጹሕ ሆነ፣ ቆዳውም ደረቀልኝ።

ስለ መድረቅ ይህን ያህል የማወራው ምክንያት ስላለኝ ነው። ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ አይግልም፣ ይተንናል። ምግብ ቡናማ ሆኖ ያ የምንወደው የጥብስ ሽታ የሚመጣው ግን ላዩ ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ይህን ለውጥ በ1912 የገለጸው ሉዊ ካሚል ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ላዩ ርጥብ ከሆነ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ቡናማው አይጀምርም። እስከዚያ ድረስ ምግቡ እየተቀቀለ ነው። የመጀመሪያው ዶሮዬ ቆዳው ለምን ነጭና ለስላሳ እንደሆነ የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ። መጥበሻውን ቀድሜ አላግለውም። ጭኖቹን በቆዳቸው በኩል ቀዝቃዛው መጥበሻ ላይ አስተኝቼ መካከለኛ እሳት እለኩሳለሁ። ዘይት አላደርግም። ለአምስት ደቂቃ ያህል ምንም የሆነ አይመስልም። ከዚያ ቀስ ብሎ ይንቸሰቸሳል፤ ስቡ መቅለጥ ይጀምራል። ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ስቡ ከቆዳው ሥር ወጥቶ ያልቃል፣ ቆዳው ስስ ይሆናል። በኃይለኛ እሳት ስጀምር ግን ላዩ ይጠቁራል፣ ስቡ ከሥር ይቀራል።

ትልቁ ፈተና አለመንካት ነው። ቶሎ ላንሳው ስል ቆዳው ብረቱን ይዞ ይቀደዳል። አንድ ጊዜ የጭኑን ጫፍ በመቆንጠጫ ይዤ ሳብ አደረግኩት፤ ግማሹ ቆዳ መጥበሻው ላይ ቀረ። አሁን 12 ደቂቃ ሳይሞላ አልነካም። ከዚያ ጫፉን በቀስታ ብድግ አደርጋለሁ። ከያዘ «ገና ነኝ» ማለቱ ነው፣ እተወዋለሁ። ሲደርስ በራሱ ይለቃል። ድምፁም ይነግራችኋል። መጀመሪያ የሚንጣጣው ውሃው ነው። መንጣጣቱ ረገብ ብሎ ዝግ ያለ ጭስጭስታ ሲቀር ቆዳው ደርቋል ማለት ነው።

ጭኖቹን አንስቼ ሳህን ላይ አደርጋለሁ። ውስጣቸው ገና ጥሬ ነው። መጥበሻው ውስጥ ግን ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ የዶሮ ስብ ቀርቷል። የድንቹ ተራ የሚመጣው አሁን ነው።

ድንቹ ላይ ብዙ ተንገላትቻለሁ። አንድ ሰሞን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ላዩ ቶሎ ጠቁሮ መራራ እየሆነ አስቸገረኝ። ለካ ድንች ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፤ ስኳር ደግሞ ቶሎ ያራል። አሁን ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው የማኖረው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀድሜ በሌላ ድስት ቀቀልኩት። ጣዕሙን አልክድም፣ ግሩም ነበር። ግን ሁለተኛ ድስት አጠብኩ፤ የአንድ መጥበሻ ምግብ የምሠራበት ምክንያትም ይኸው ነበር። ተውኩት።

አሁን ድንቹን ከነልጣጩ አጥቤ 3 ሴንቲሜትር ያህል አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ቁራጩ ሁሉ እኩል እንዲሆን እጠነቀቃለሁ፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ አብረው አይደርሱም። የተቆረጠውን በውሃ ለቅለቅ አደርገዋለሁ። ውሃው ነጭ ይሆናል፤ ያ ስታርች ነው፣ ካልታጠበ ድንቹን መጥበሻው ላይ ያጣብቀዋል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አደርቀዋለሁ። ደህና አድርጌ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እነሰንስበታለሁ።

ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ በጠፍጣፋ ፊቱ ስቡ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አፈሰዋለሁ አላልኩም፣ አስቀምጠዋለሁ ነው ያልኩት። አንድ በአንድ ነው። መጥበሻውን የነካው ፊት ነው ወርቃማ የሚሆነው። አንዱ ባንዱ ላይ ከተከመረ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ድንቹም ይቀቀላል። ቤተሰብ በዝቶ ድንች ስጨምር የተበላሸብኝ ጊዜ ሁሉ ምክንያቱ ይህ ነበር። ሰው ከበዛ መጥበሻውን ትቼ ሰፊ የኦቨን ትሪ እይዛለሁ እንጂ አላጨናንቀውም። 8 ደቂቃ ሳላገላብጥ እተወዋለሁ።

ይህ እስኪሆን ቅመሙን አዘጋጃለሁ። 2 የሻይ ማንኪያ ፓፕሪካ፣ 1 ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የደረቀ ጦስኝ፣ ግማሽ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ ግማሽ ከሙን። በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት እበጠብጠዋለሁ። ቀድሞ ይህን ሁሉ ጥሬው ዶሮ ላይ ለውሼ ነበር የምጠብሰው። ፓፕሪካ የላመ ዱቄት ነው፣ ውስጡም ስኳር አለው። የጋለ ብረት ላይ 12 ደቂቃ አይችልም፤ ያራል፣ ይመራል። የነጭ ሽንኩርት ዱቄትም እንደዚያው። ስለዚህ ቅመሙ የሚገባው ቆዳው ጥብስ ካለ በኋላ ነው። ግማሹን ድንቹ ላይ አፈስና አገላብጠዋለሁ። ግማሹን ጭኖቹ ላይ እቀባለሁ፤ ሥጋው በኩል ብዙ፣ ቆዳው ላይ ስስ አድርጌ። ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት ፍሬ ካለ አምስት ስድስቱን በድንቹ መሃል ጣል አደርጋለሁ። ልጣጩ ከማረር ይጠብቀዋል፣ ውስጡ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል።

ጭኖቹን ቆዳቸውን ወደ ላይ አድርጌ ድንቹ ላይ አስቀምጣለሁ። ሳህኑ ላይ የቀረውን ጭማቂም እመልሰዋለሁ፤ ገና ጥሬ ስለሆነ መብሰል አለበት። ሳህኑን ወዲያው አጥበዋለሁ። መጥበሻው ቀድሞ 220 ዲግሪ የሞቀ ኦቨን ውስጥ ይገባል። ክዳን የለም፣ ፎይል የለም። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ።

ቴርሞሜትር የገዛሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ብገዛው ኖሮ ስንት ዶሮ ባልደረቀ። ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ አጥንቱን ሳይነካ እወጋዋለሁ። 80 ካለፈ አወጣለሁ። ቴርሞሜትር ከሌለ አጥንቱ አጠገብ ቆረጥ አድርጉት። ሥጋው አጥንቱን በቀላሉ መልቀቅ አለበት፤ የሚወጣውም ጭማቂ የጠራ መሆን አለበት። ይህ ግን ግምት ነው፣ ቴርሞሜትሩን የሚያህል የለም።

መጥበሻው ሲወጣ እጀታው ላይ ወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ እዚያው እተወዋለሁ። አንድ ቀን ዞር ብዬ ስመለስ ከኦቨን መውጣቱን ረስቼ በባዶ እጄ ያዝኩት። መዳፌ ሳምንት ሙሉ አላሠራኝም። ምድጃ ላይ የተቀመጠ መጥበሻ እጀታው የሚያቃጥል አይመስልም፤ አደጋው እሱ ነው።

ዶሮው 10 ደቂቃ ያርፋል። ጭኖቹን ሳነሳ ድንቹን አብሬ አወጣለሁ። መጥበሻው ሥር የተጣበቀው ቡናማ ነገር አይጣልም። 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጌ፣ እሳቱን ለኩሼ፣ በእንጨት ማንኪያ እፍቀዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ የምጨምቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሎሚውን ከመጀመሪያው ድንቹ ላይ ጨምቄ ድንቹ አልለሰልስ ብሎኝ ነበር። አሲድ ድንች እንዲጠነክር ያደርገዋል። ሎሚ የመጨረሻ ነው። ይህን መረቅ ሥጋውና ድንቹ ዙሪያ አፈሳለሁ። ቆዳው ላይ አላፈስም፤ ያን ያህል የደከምኩበትን ቆዳ በማንኪያ መረቅ አላረጥበውም።

ኦቨን የሌለው ሰውም ይችላል። ድንቹ ወርቃማ ቀለም ካገኘ በኋላ ጭኖቹን መልሶ እሳቱን ዝቅ ያደርጋል፣ 20 ደቂቃ ይከድናል። ከዚያ ክዳኑን አንስቶ ውሃው እስኪያልቅ 10 ደቂቃ ያቆየዋል። ቆዳው እንደ ኦቨኑ ኩርሽም አይልም። ጣዕሙ ግን አይጎድልበትም።

የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በ3 ቀን ውስጥ ይበላ። ሳሞቀው እዚያው መጥበሻ ላይ፣ ቆዳውን ወደ ታች አድርጌ ነው።

ባለፈው እህቴ ስትመጣ ሳህን እስካቀርብ አልጠበቀችም። ከመጥበሻው ጠርዝ አንድ ድንች በጣቷ አነሳች። በጣም ትኩስ ስለነበር ካንዱ እጇ ወደ ሌላው እያዘዋወረች ነፋችበት፣ ከዚያ ነከሰችው። ከውጭ ቀጭ አለ፣ ከውስጥ ነጭ እንፋሎት ወጣ።

«ዛሬ ድንቹን አብዝተህ ብታቀርብልኝስ?» አለችኝ።