ጳጉሜን ላይ የተከመሩ ስህተቶች

ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ስመራ ሳምንታዊ ሪፖርታችን በቁጥር የታጨቀ ነበር፤ ስንት መስመር ኮድ ተጻፈ፣ ስንት ስህተት ተዘጋ። የደንበኞች አቤቱታ ግን አልቀነሰም። ብዙ ስህተት መዝጋታችን እንኳ ደስታ ይሁን ሐዘን አይታወቅም፤ ብዙ የሚዘጋ ብዙ የሚፈጥርም ሊሆን ይችላልና።

የሶፍትዌር ተመራማሪዎቹ ቪክቶር ባሲሊና ዴቪድ ዌይስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ያቀረቡት ዘዴ፣ በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ጎዳርድ ማዕከል የሶፍትዌር ሥራዎች ላይ የተፈተነው፣ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ግብ፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ መለኪያው መጨረሻ። እኛን ያከራከረን ግቡ በማን ዐይን ይታይ የሚለው ነበር። ፕሮግራመሮቹ «የኮድ ጥራት» አሉ። እኔ በማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ዐይን ይሁን ብዬ ድርቅ አልኩ፤ «ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሚገኝ የወለድ ስሌት ስህተትን መቀነስ» ተብሎ ተጻፈ። ከዚህ የወጡት ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስህተቱ የት ተፈጠረ? የት ተገኘ? በስህተት መመዝገቢያው ላይ ሁለት ዓምድ ጨመርን።

መዝገቡ ሲታይ የስህተቱ ክምር ጳጉሜን ላይ ሆነ። ሐምሌ ላይ ተሰጥቶ ጥቅምት ላይ በሚመለስ ብድር፣ አንዱ ማኅበር ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደርቦ እንደ አንድ ወር ይይዛል፤ ሌላው ቀን በቀን ያስባል፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ስድስተኛዋን ቀን ይጨምራል። ኮዱ የተባለውን ሠርቷል፤ ደንበኛውን ግን የጠየቀ አልነበረም። ስለዚህ ኮድ ከመጻፉ በፊት ጳጉሜንን የሚያቋርጥ ብድር ለገንዘብ ያዡ ሰጥተን በእጁ እንዲያሰላው ማድረግ ጀመርን። የእርሱ ወረቀት የመጀመሪያ መሞከሪያችን ሆነ። ለዚህ ወረቀት ከየትኛውም ግራፍ በላይ ዋጋ እሰጣለሁ።

አለቆች በየስህተቱ አጠገብ የፕሮግራመሩ ስም ይግባ አሉ። አልተስማማሁም። ስም ከገባ «ደንበኛው ሐሳቡን ቀየረ» የሚል ምክንያት መዝገቡን ይሞላዋል፤ ሰው ራሱን ከሚያስከስስ መዝገቡን ማበላሸት ይቀለዋል። የኮድ መስመር ቆጠራውንም ያለ ሐዘን ሸኘነው፤ የትኛውንም ጥያቄ አይመልስም።

ዛሬ ስለ ጳጉሜን የሚደወል የአቤቱታ ስልክ ብርቅ ነው። አዲሱ ክምር ከፊል ክፍያ ላይ ነው፤ ተበዳሪው ከወርኃዊው አሳንሶ ሲከፍል ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ቅጣት ይሂድ ወይስ ወደ ዋናው ብድር? ግቡንም በዚሁ መሠረት እንደገና ጽፈነዋል።