የቦርዱ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር

አዲስ አበባ ያለው የጋራ ሕንፃችን ባለ አራት ፎቅ ነው፤ ከታች ሱቆች፣ ከላይ መኖሪያ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሆኜ ስመረጥ የጋራ ቆጣሪውን ሂሳብ አደላደልን፣ የደረጃ መብራቶችን ቀየርን፣ የውሃ ፓምፑን አስጠገንን። ይህን ለመሥራት ትዕግሥት ይበቃል።

ያቃጠለኝ ዋናው የኤሌክትሪክ ቦርድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ሲጣድ ብሬከሩ፣ ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚያቋርጠው፣ ይወርዳል። አንዱ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ሥጋ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱና ግማሹ ምጣድ ደግሞ መብራት ወደ ሕንፃው ከሚገባባቸው ሦስት መስመሮች (ፌዞች) በአንዱ ላይ ተጭነዋል። ነዋሪው ሲማረርብኝ ትልቅ ብሬከር እንዲገባ ፈረምኩ። መውረዱ ቆመ፤ ተመሰገንኩም። ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ብሬከሩ የሚወርደው ሽቦውን ለማዳን ነበር።

ፌዞቹ እኩል ካልተጫኑ ልዩነቱ በኒውትራሉ፣ በጋራ መመለሻው ሽቦ፣ ይመለሳል፤ እሱ ከተቆረጠ ቮልቱ በየፌዙ ይዛባል። የእኛ ኒውትራል ማሰሪያው ላልቶ ነበርና እየጋለ ከርሞ አንድ ቅዳሜ ተቃጥሎ ተቆረጠ። እኔ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ጥበቃው ደወለልኝ፦ «ጋሼ፣ የግማሹ ቤት አምፖል ዓይን ያጠፋል፣ የግማሹ ኩራዝ መስሏል።» የቦርዱ ቁልፍ በሰብሳቢው እጅ ብቻ ይሁን የሚል መመሪያ ስለነበረን ኪሴ ውስጥ ነበር። ስደርስ 40 ደቂቃ አልፏል። ኤሌክትሪሺያኑ ከማጥፋቱ በፊት ሲለካ አንዱ ፌዝ 90 ቮልት፣ ሌላው ከ300 በላይ ያሳያል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በእቁብ ገንዘብ የገዙት ፍሪጅ ጀርባው ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። «ዕዳው ገና አላለቀም» ብለው ዝም አሉ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

መብራት ኃይል ቢሮ ስሄድ አንዱ «ከቆጣሪ በኋላ ያለው የእናንተ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከቆጣሪ በፊት ያለውን እንዳትነኩ» ይላል። ቦርዱ ያለው ከቆጣሪዎቹ በፊት ነው፤ ታዲያ የማን ነው? ሦስት ቀን ተመላልሼ አንድ ወረቀት አላገኘሁም። አዋጅ 370/1995 የጋራ ንብረቱን ማስተዳደር በማኅበሩ ላይ ጥሎታል፤ የሚያስረዳን ግን የለም።

አምፖሉ ከፊሉ ደምቆ ከፊሉ ከደበዘዘ ለማንም አትደውሉ፤ መጀመሪያ ዋናውን አጥፉ። ጭነቱን ኤሌክትሪሺያኑ በሚመቸው ማክሰኞ ከሰዓት አታስለኩ፤ ምጣድ በሚጣድበት ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ። እኛ ጭነቱን ለሦስቱም ፌዝ አከፋፍለን የድሮውን ብሬከር መለስን፤ የላሉ ማሰሪያዎችንም በየሦስት ወሩ እናጠብቃለን። መመሪያው ምንም ይበል፣ ቁልፉ አሁን ጥበቃው ቤት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዋናው ማጥፊያም ቀይ ተቀብቷል።