ለደጋ ባህር ዛፍ የሞተር መጋዝ ስመርጥ የተማርኩት

የምሠራው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ገበሬው የቆመ ባህር ዛፉን ይሸጣል፣ ነጋዴው ይገዛል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ቀጭኑ ለአጣና ይሄዳል። ወፈር ያለው ለሞራሌና ለጣውላ ይሰነጠቃል። የተረፈው ፍልጥ ሆኖ ለማገዶ ይጫናል።

የድሮው መጋዜ የጀርመኑ ስቲል ኩባንያ ኤምኤስ 361 ነበር። 59 ሲሲ ነው (ሲሲ የሞተሩ ሲሊንደር ይዘት መለኪያ ነው)፣ ክብደቱ 5.6 ኪሎ። ለዓመታት እንጀራዬ ሆኖ ኖሯል። በመጨረሻ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተበልተው ኮምፕረሽኑ (የማመቅ አቅሙ) አለቀ። ሞዴሉ መመረት ካቆመ ቆይቷል። ለእሱ ኦሪጅናል ሲሊንደር ስፈልግ ከመንከራተት ሌላ ማሽን መግዛት ይሻለኛል ብዬ ወሰንኩ።

ቼንሶ (የሞተር መጋዝ) ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሲሲ ነው?" ብሎ ነው። ደገኛ ከሆናችሁ ከዚያ በፊት የምትሠሩበትን ከፍታ እወቁ። እኔ ምርጫዬን የጀመርኩት ከዚያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ተከትሎ መጣ።

ሞተር እንደ ሰው አየር ይስባል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ያለው አየር ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቼንሶ ደግሞ አየር የሚያምቅለት ቱርቦ የለውም። ስለዚህ ጉልበቱ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ካታሎጉ ላይ የምታዩት ኪሎዋት ግን ይህን ቅናሽ አያውቅም። 3.4 ኪሎዋት የሚባለው የድሮው ማሽኔ እኛ ጋ የሚሰጠው 2.5 አካባቢ ነበር። በየሱቁ የሚሸጠው 52 ሲሲ ማሽን እዚህ ሲመጣ ባህር ዳርቻ ላይ ያለ የ39 ሲሲ ማሽን ጉልበት ነው የሚኖረው። በእሱ ጓሮ ያለ ቅርንጫፍ መቁረጥ ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ግንድ መሰንጠቅ ግን ማሽኑንም ሰውየውንም ይጨርሳል።

መሰንጠቅን ለይቼ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ዛፍ ስትጥሉ መጋዙ እንጨቱን በአግድም ይቆርጣል፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ጣውላ ስታወጡ ግን ግንዱን በቁመቱ ነው የምትሄዱበት። ሞተሩ ለረጅም ደቂቃ ሙሉ ጋዝ ላይ ይቆያል፣ ይግላል፣ ሰጋቱራውም ደቃቅ ይሆናል። በዚያ ላይ የደጋው ነጭ ባህር ዛፍ ውስጡ የተወጠረ እንጨት ነው። ገና ሲሰነጠቅ መጉበጥ ይጀምራል፣ አንዳንዴም መጋዙን ይነክሳል። ከኋላ ከኋላ ሽብልቅ እየመቱ ካልሄዱ አይቻልም። አቅም የሌለው ሞተር እዚህ ላይ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ ከ70 ሲሲ በታች ላለመግዛት ቆረጥኩ። ከዚያ በላይ ያሉትን፣ ለማነጻጸርም አንድ አነስ ያለ ጨምሬ፣ አንድ በአንድ አየሁ።

ብዙ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ኤምኤስ 070ን ነው። 105 ሲሲ ነው፣ ጉልበቱ አያጠራጥርም። ትልልቅ ግንድ ብቻ ለሚሰነጥቅ ሰው አሁንም ጥሩ ነው። ግን ክብደቱ ያለ ሰንሰለቱና ያለ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ከ10 ኪሎ ያልፋል። ንዝረቱም ለክንድ ከባድ ነው። የእኔ ሥራ ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ብዙ ጊዜ በተዳፋት ላይ መሄድ ነው። ቤንዚንም እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ያን ያህል የሚጠጣ ሞተር አልመኝም። ተውኩት።

ሁለተኛው አዲሱ ኤምኤስ 362 ነበር፣ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚመጥነውን ክፍል) ራሱ በኤሌክትሮኒክስ የሚያስተካክለው። እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ይህ ቴክኖሎጂ ለእኛ የተፈጠረ ይመስላል። ከጣርማበር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ አየሩ ሲወፍር ማሽኑ ራሱ ያውቃል፣ ቤንዚኑን ይመጥናል። ካቻቢቴ አያስፈልግም። ነገር ግን ሲበላሽ የሚመረመረው ከኩባንያው በሚመጣ መሣሪያ ነው። በእኛ ከተማ ያ መሣሪያ ያለው ጥገና ቤት አላገኘሁም። በዚያ ላይ 59 ሲሲ ነው፣ ከድሮው ማሽኔ ጋር እኩል። ጥሩ አከፋፋይ አጠገቡ ላለ ሰው ግን፣ በተለይ ደጋና ቆላ ለሚመላለስ፣ ከልቤ እመክረዋለሁ።

የስዊድኑ ሁስኩቫርና 372ም በጣም ፈትኖኛል። 70.7 ሲሲ ነው፣ አያያዙ ምቹ ነው፣ የያዙት ሰዎች ሲያመሰግኑት ነው የምሰማው። ያስቀረኝ የመለዋወጫ ነገር ብቻ ነው። የምሠራባቸው ጥገና ቤቶች መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ አብዛኛው የስቲል ነው። ፊልትሮው፣ የማስነሻ ገመዱ፣ ፍሪሲዮኑ ሁሉ። ወቅቱ ሲደርስ ማሽን ቆሞ ዕቃ ከአዲስ አበባ መጠበቅ የቀን ገቢን ይበላል። እናንተ አካባቢ የሁስኩቫርና ዕቃ የሚበዛ ከሆነ ምርጫችሁ ይገለበጣል፣ ይገባልም።

በመጨረሻ የመረጥኩት ስቲል ኤምኤስ 382ን ነው። 72.2 ሲሲ፣ 3.9 ኪሎዋት፣ 6.2 ኪሎ። ካርቡሬተሩ በእጅ በብሎን የሚስተካከል ነው። ስሌቱን ብትሠሩት እኛ ጋ ባህር ዳርቻ ላይ ያለ የ54 ሲሲ ማሽን ያህል ጉልበት አለው ማለት ነው። ለአጣናም ለማገዶም ለሞራሌም የሚበቃኝ ይህ ነው።

ከመምረጥ ይልቅ የከበደኝ ትክክለኛውን ማግኘት ነው። መርካቶ ውስጥ ብርቱካናማና ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ስሙም የተጻፈበት ማሽን ሞልቷል። ብዙው ቅጂ ነው። ዋጋው በጣም ሲረክስ ልባችሁ ይጠርጥር። አንድ ሻጭ "ወንድሜ፣ ይሄ የጀርመን ነው፣ ድምፁን ስማው" ብሎ አስነሳልኝ። እኔ አስጠፋሁትና የሞተሩ ብረት ላይ የተመታውን ተከታታይ ቁጥር ፈለግኩ። በተለጣፊ ወረቀት ላይ የታተመ እንጂ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አልነበረውም። አመስግኜ ወጣሁ። ከቁጥሩ ሌላ የፕላስቲኩን መገጣጠሚያ በጣታችሁ ዳብሱ፤ ኦሪጅናሉ ሻካራ ጠርዝ አይኖረውም። የሰንሰለት ፍሬኑን ወደፊት ግፉትና ሰንሰለቱ በእጅ አልጎተት ማለቱን አረጋግጡ። ይህ ፍሬን መጋዙ ድንገት ወደ እናንተ ሲዘልባችሁ ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው። እሱ ላልቶ የሚሠራ ማሽን በነፃ ቢሰጠኝም አልይዝም።

አቅሙ ለአዲስ የማይበቃ ሰው ያገለገለ ኦሪጅናል ቢገዛ ከአዲስ ቅጂ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ሳያይ ብር አይቁጠር። ሞተሩ ጠፍቶ ማሽኑን በማስነሻ ገመዱ እጀታ አንጠልጥሉት። ቀስ እያለ፣ እየተያዘ ከወረደ ኮምፕረሽን አለው። ዱብ ካለ የለውም። ከዚያ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አስፈቱና በቀዳዳው ፒስተኑን በባትሪ እዩ። ከላይ ወደ ታች የተጫረ መስመር ካለ ተዉት። ሻጩ ማርሚታ አላስፈታም ካለም ተዉት።

አዲሱን ይዤ ስገባ መጀመሪያ የሠራሁት ካርቡሬተሩን ነው። ከፋብሪካ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ማሽን ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ጭሱ ይበዛል፣ ካንዴላው (እሳት የሚረጨው) ይጠቁራል፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ይሰንፋል። ሰው ይህን ሲያይ "ማሽኑ ደካማ ነው" ይላል፤ አየር ፊልትሮው ንፁህ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ማስተካከል ብቻ ነው። ኤች (H) የሚል ፊደል ያለበትን ብሎን፣ ቤንዚኑ እንዲቀንስ፣ በጣም በትንሹ ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ከዚያ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ማዳመጥ። ባዶውን ሲጮህ ትንሽ መንተባተብ አለበት፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ መጥራት አለበት። ባዶውንም ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፤ ወዲያው መልሱት።

እዚህ ላይ ትልቅ አደጋ አለ። ደጋ ላይ የተስተካከለ ማሽን ቆላ ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። የሞተሩ ዘይት ደግሞ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑ ይያዛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማሽኑን ሸዋ ሮቢት ለሥራ ይዞ ወርዶ በዚህ ምክንያት ነው የተቃጠለበት። ልዩነቱ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው፣ ቀልድ አይደለም። እኔ ስወርድ ብሎኑን ወደ ግራ መልሼ ነው የማስነሳው፤ ጭስ ቢበዛ ይሻላል። ድብልቁን ከፍታ አይቀይረውም፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ጥሩ ቱ ስትሮክ ዘይት። በመኪና ሞተር ዘይት የሚደባልቅ ሰው አያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ለባሩ 50 ሳንቲ ሜትሩን ወሰድኩ። ሻጮች ረጅሙን ያባብላሉ፣ ያምራልም። ሩብ ጉልበቱ ለተወሰደበት ሞተር ግን አጭር ባር እፎይታ ነው። የእኛ ባህር ዛፍም አብዛኛው ቶሎ ስለሚቆረጥ ከዚህ በላይ አይወፍርም። ሰንሰለት ስትገዙ የውፍረቱን ቁጥር ተመልከቱ። የስቲል ባር ብዙ ጊዜ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ገበያ ላይ ደግሞ 1.5ም ሞልቷል። 1.5ቱ 1.6 ባር ውስጥ ይገባል፤ ግን ይወላገዳል፣ ቁርጡም ጠማማ ይወጣል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ሲያላክክ ሰምቻለሁ።

ሰንሰለቱን የምሞርደው በ5.2 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው፣ 30 ዲግሪ ይዤ። ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ጥርሱን ነካ ነካ አደርገዋለሁ። ለጣውላ የምሠራበት ሌላ ሰንሰለት አለኝ፤ እሱን ወደ 10 ዲግሪ አቅርቤ ነው የሞረድኩት፣ በቁመት ሲሄድ ገጹ ለስላሳ ይወጣል።

ስለት ለእኔ ከፍጥነት በላይ ትርጉም አለው። ባህር ዛፍ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ለገበሬው ያ ጉቶ የሚቀጥለው ምርቱ ነው። አንድ አባት ማሳቸው ላይ ስሠራ "ልጄ፣ ዛፉን ውሰዱት፣ ጉቶዬን ግን አደራ" አሉኝ። ልክ ናቸው። ደነዝ ሰንሰለት ቅርፊቱን ከግንዱ ይገነጥለዋል፣ ቡቃያውም በደንብ አይይዝም። ስለዚህ ከመሬት ከአንድ ስንዝር ሳልርቅ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ዘንበል አድርጌ፣ ቅርፊቱን ሳልቀድ ነው የምቆርጠው። ከዝናብ በኋላ እዚያው ማሳ በኩል ሳልፍ ጉቶዎቹ ዙሪያቸውን አቆጥቁጠው አየሁ። ገበሬው ከየጉቶው ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት ቡቃያ አስቀርቶ ሌላውን ለመመልመል ማጭድ ይዞ ገብቶ ነበር።