ግማሽ ሰከንድ፦ የሦስተኛ ወር የአሰልጣኝነት ማስታወሻ

ከሰፈራችን የታዳጊዎች ቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር ሦስተኛ ወራችንን ጨረስን። ውጤቱን ላስቀድም፤ ከአምስት ግጥሚያ ያሸነፍነው ሁለቱን ነው።

መጀመሪያ ቀን ልጆቹን ሰብስቤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አልኳቸው። አጨበጨቡ። ሜዳ ሲገቡ ሰባት ቁጥራችን ኳሷን ይዞ ሮጠ፣ አራቱ ቆመው አዩት። ተረቱ ድሩ እንዴት እንደሚያብር አይናገርማ! የአሜሪካዊውን አሰልጣኝ የግሬግ ፖፖቪችን አሠራር ማጥናት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ፖፖቪች ሳን አንቶኒዮ ስፐርስን ከ1996 መጨረሻ እስከ 2025 በአሰልጣኝነት መርቷል (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አምስት የኤንቢኤ (የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ዋንጫ አለው። እኔን የያዘኝ ግን የተሸነፈበት ነው። በ2013 ከማያሚ ጋር በነበረው ፍጻሜ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል)፣ በስድስተኛው ጨዋታ፣ 28 ሰከንድ ሲቀር ስፐርስ በአምስት ነጥብ ይመራ ነበር። ልዩነቱ ወደ ሦስት ጠብቦ፣ 5.2 ሰከንድ ሲቀር የማያሚው ሬይ አለን ከጥግ ሦስት ነጥብ አስቆጥሮ አቻ አደረገ። ማያሚ በጭማሪ ሰዓት አሸነፈ፣ ሰባተኛውንም ደገመ። ከስድስተኛው ጨዋታ በኋላ፣ ዋንጫው ከእጃቸው ባመለጠበት ሌሊት፣ ፖፖቪች ቡድኑን ሬስቶራንት ሰብስቦ አብረው እራት በሉ። እኛ ሐዘን የገባበትን ሰው ብቻውን እንደማንተወው ማለት ነው። በዓመቱ ያው ማያሚ ገጠማቸው፣ 4 ለ 1 አሸነፉት። በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር 62 ጨዋታ ሲያሸንፉ በአማካይ 30 ደቂቃ የተጫወተ አንድም ሰው አልነበራቸውም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አሥሩንም ልጆች ማጫወት ጀመርኩ። የአንዳንድ ወላጅ ፊት ጠቆረብኝ፤ ይለፈኝ።

ትልቁ ስህተቴ ቅብብሉ ላይ ነበር። ፖፖቪች «ጥሩ ሹት ካለህ፣ የተሻለ ለያዘው ስጥ» የሚለውን ሐሳብ ይወዳል። እኔ ደግሞ ከአምስት ፓስ በፊት ሹት የለም ብዬ ሕግ አወጣሁ። በሁለተኛው ግጥሚያ አንዱ ልጅ ሪንግ ሥር ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው፣ ኳሷን ይዞ ወደ እኔ ዞረና «ኮች፣ ገና አራተኛ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ ኋላ አቀበላት፤ ተነጠቅን። ተመልካቹ ሳቀ፣ እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። የስፐርስ ሕግ የፓስ ቁጥር ሳይሆን ግማሽ ሰከንድ ነው። ኳስ በደረሰህ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ወይ ሹት፣ ወይ ሰብረህ ግባ፣ ወይ አቀብል። ተከላካዩ ወደ አንተ እየሮጠ ሳለ እግሩ አልረጋም፤ ኳሷን አቅፈህ ስታስብ ግን ይረጋል፣ ጓደኛህ ያመጣልህ ክፍተትም ይዘጋል። ስለዚህ ኳስ መያዝ የጓደኛን ልፋት መብላት ነው። አሁን በልምምድ ሦስት ሦስት አድርጌ አቆማቸዋለሁ፤ ኳስ ስትደርስ «አንድ» እላለሁ፣ ቃሉ ሳያልቅ ያልወሰነ ኳሷን ለሌላው ቡድን ይሰጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨዋታችን መልኩን ቀየረ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ቁጣ ነው። ትንሹን ልጃችንን ኳስ አስነጠቀ ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩበት፤ በማግስቱ ልምምድ ቀረ። ፖፖቪችም ይቆጣ ነበር፣ ግን የሚቆጣው ትልቁን ኮከቡን ቲም ደንከንን ነበር፣ ያውም በሁሉም ፊት። ደንከን ዝም ብሎ ከሰማ ሌላው በምን አፉ ያጉረመርማል? እኔ በጣም ደካማውን መርጬ ነው የጮኽኩት። ቤቱ ሄጄ እናቱ ባሉበት ይቅርታ ጠየቅሁት። እናቱ «ልጁስ ይመጣል፣ አንተ ግን ቡና ሳትጠጣ አትወጣም» አሉኝ። ከዚያ ሰባት ቁጥርን ለብቻው ጠርቼ «ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የምቆጣው አንተን ነው፣ ትችላለህ?» አልኩት። «ካጠፋሁ» አለ እየሳቀ።

ባለፈው ቅዳሜ በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ሲከበው ሰባት ቁጥር ጥግ ላይ ለነበረው ለዚያ ለትንሹ አቀበለው። ልጁ አላመነታም፣ ወዲያው ወረወራት። ሪንጉን ነክታ ወጣች።

ሬስቶራንት የሚወስድ ኪስ ስለሌለኝ ሜዳው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ሻይና ፓስቲ ጋበዝኳቸው። ሰባት ቁጥር ፓስቲውን እያኘከ «ክርንህ ወደ ውጭ ወጥቶ ነው፣ ነገ አሳይሃለሁ» ሲለው ሰማሁት።

አሁን የቸገረኝ ሪባውንድ (ተስታ የተመለሰችን ኳስ መያዝ) ነው። ልጆቼ ኳሷን ወደ ላይ እያዩ ይቆማሉ፣ ተጋጣሚን በጀርባ መዝጋት አልለመዱም። ከእናንተ መካከል ይህን ለታዳጊዎች ያስለመደ ካለ፣ በምን ልምምድ እንደጀመረ ይንገረኝ።